ኮሪያን የመረጠልኝ ከድር

የመጽሐፍ ሻጩን የከድርን ሞት የሰማሁት ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ካለችው ኬክ ቤት፣ እኛ ጡረተኞች ሁልጊዜ ከምንቀመጥባት ጠረጴዛ ላይ ነው። ወሬውን ይዞ የመጣው መኮንን ነው። ባንክ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ክፉ ዜና ሲይዝ ወንበር ሳይስብ ቆሞ የሚናገር ሰው ነው።

«ተሾመ፣ ወዳጅህ አርፏል» አለኝ።

«የትኛው ወዳጄ?»

«ስንት ወዳጅ አለህና ነው? ከድር ነዋ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ኮልፌ ቀብረውታል።»

«ወዳጄ አልነበረም» አልኩት።

 እነዚህ ሰዎች ለዓመታት ከከድር ሱቅ ስገባና ስወጣ ያዩኝ ናቸው። አንዱ ማኪያቶውን ማማሰል ጀመረ፤ ሌላው ስለ አየሩ አነሣ። እኔም ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ለምን እንዲያ እንዳልኩ ማወቅ የሚፈልግ ካለ ይህን ያንብብ።

በመጀመሪያ እኔ ማን እንደሆንኩ መታወቅ አለበት፤ አለዚያ ከድር ያደረገኝ ነገር ቀላል ይመስላል። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ራሴ ነኝ ለራሴ ያስተማርኩት። ፒያሳ ውስጥ ሙሉ ልብስ ማሰፋት የፈለገ ትልቅ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። እንግሊዝኛን የለቀምኩት ከውጭ ከሚመጡ የልብስ ካታሎጎች ነው፤ መጀመሪያ የጨርቁን ስም፣ ቀጥሎ የአሰፋፉን ዘዴ፣ በመጨረሻ አረፍተ ነገሩን። ዛሬ ባለ ዲግሪዎች መሃሉ ላይ የሚያቋርጡትን መጽሐፍ እኔ መጨረሻ ላይ እስካለው ማውጫ ድረስ አነባለሁ። አስተማሪ አልነበረኝም። ይህን ለማንም ስናገር አላፍርም፤ በሕይወቴ ካፈራሁት ሀብት ሁሉ የማልሸጠው ይህንን ነው። ከድርም ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

ሱቁ፣ ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት፣ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር ነበር። ከላይ ሰው በወረደ ቁጥር አቧራ በመጻሕፍቱ ላይ ይረግፋል። ከድር የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ይቀመጥና አንድ መጽሐፍ ሲያነሣ በላይኛው ጠርዝ ላይ ረጅም ትንፋሽ ይነፋበታል፤ ዋሽንት የሚነፋ ነው የሚመስለው። ከስልጤ አገር በልጅነቱ መጥቶ ፒያሳ ያረጀ ሰው ነበር። መጽሐፍ ይሸጣል፣ ያከራያል፤ ከሁለቱም በላይ ግን የሚወደው መከልከልን ነው። የማይሆንህን መጽሐፍ ብር ብትጨምርለትም አይሰጥህም።

ሽፋን ማሳየት አይወድም። መጽሐፉን በመዳፉ ሸፍኖ መሃሉን ይከፍትልሃል። «እዚህ ጋ ያንብቡ፤ መግቢያ ላይ ሁሉም ደራሲ ጨዋ ነው» ይላል።

አንድ ጊዜ ክራባት ያሰረ ወጣት መጣ። ኮሪያውያን አለቆች ያሉበት ፋብሪካ ተቀጥሯል።

«ስለ ኮሪያ ባህል አንድ ቀጭን መጽሐፍ ፈልጌ ነበር፤ ቶሎ የሚያልቅ» አለው።

«አለቆችህ ስለ አራዳ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ቢሰጣቸው አንተን የሚያውቁህ ይመስልሃል?»

«እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ።»

«አየህ፣ እሱንም መጽሐፉ አይነግራቸውም።»

ልጁ ሳቀ። ከድር ግን ቀጭኑን አልሰጠውም፤ ወፍራሙን አከራየው።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ስለ ኮሪያ ያን ጊዜ የማውቀው አዲስ አበቤ ሁሉ የሚያውቀውን ነው። የዘመቱት አዛውንቶች የሚያወሩትን ብርድ፣ ስልኩን፣ መኪናውን፣ በየቤቱ የሚታየውን ድራማ። የበለጠ ለማወቅም አላሰብኩም ነበር። አንድ ቀን ከሱቁ ገብቼ አዲስ ነገር ስጠይቀው ግራጫ ጀርባ ያለው መጽሐፍ አነሣ፣ እፍ አለው፣ ሊሰጠኝ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

«ይሄ እንኳ ይቅርብዎ ጋሼ። ስለ ኮሪያ ቤተሰብ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ወስዶ ሳይጨርሰው መልሷል።»

«አምጣው።»

«ይከብዳል እኮ። የሚችሉት አይመስለኝም።»

«ከድር፣ አምጣው አልኩህ።»

ወሰድኩት፤ ጨረስኩትም። አንዲት ባህል አጥኚ በአንድ መንደር ውስጥ ተቀምጣ ምራትና አማት እንዴት እንደሚኖሩ፣ የበኩር ልጅ የአባቶቹን ሙት ዓመት እንዴት እንደሚያስብ፣ ታናሽ ለታላቅ መጠጥ በሁለት እጁ እንዴት እንደሚቀዳ የጻፈችው ነው። መጽሐፉን ስመልስ ከድር ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እኔስ አይችሉትም ብዬ ነበር» አለ። ያን ቀን በኩራት ወደ ቤቴ ስሄድ መሬት አልረገጥኩም።

ከዚያ በኋላ ኮሪያ ያዘችኝ። ስለዚያች አገር ጥሩ መጽሐፍ ማግኘት ግን ቀላል እንዳልሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ከአሮጌ መጻሕፍት መካከል የሚወጣው ወይ የጦርነት ታሪክ ነው፣ ወይ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመ የጎብኚ መጽሔት፣ ወይ አገሪቱ በአንድ ትውልድ እንዴት እንደበለጸገች የሚተርክ የኢኮኖሚ መጽሐፍ። ከድር ስለ እነዚህ የራሱ ፍርድ ነበረው። ስለ ጦርነቱ የተጻፈውን «መጨረሻ ላይ ያነቡታል፤ መጀመሪያ ካነበቡት ሰዎቹን ሁሉ በወታደር ልብስ ነው የሚያይዋቸው» ይለኛል። መጽሔቱን መጠቅለያ ያደርገዋል። የኢኮኖሚውን ሲያነሣ ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ የሠራች ሴት ስለ ኑሮዋ የተናገረችበት ምዕራፍ እንዳለው ይፈልግና፣ ከሌለው ወደ ኋላ ይወረውረዋል።

«አገሩን ማመስገን ብቻ የሚያውቅ ደራሲ አይግዙ፤ መሳደብ ብቻ የሚያውቅም አይግዙ። አንድ ቦታ ላይ ‹ይህን አላውቅም› ብሎ የጻፈ ካገኙ ግን ዋጋ አይከራከሩ።»

እኔም የስፌት ሰው ነኝና ነገሩን በራሴ ቋንቋ አስተካከልኩለት። «ድራማው ከላይ የሚታየው ጨርቅ ነው» አልኩት። «እኔ የምፈልገው ገበሩን ነው። የኮት ስፌት ገበሩ ሲገለበጥ ነው የሚታየው።»

«ይህን ይጻፉት ጋሼ» አለ። እንዲህ ያለ ነገር ሲነግረኝ እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር አሁን ሳስበው ያቃጥለኛል።

ቀጥሎ ስለ ትምህርት ቤታቸው አመጣልኝ፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ወጥተው ሌላ ትምህርት ቤት እንደሚገቡ፣ አንድ ፈተና የሰውን ዕድሜ ልክ እንደሚወስን። ቀጥሎ ስለ ጎሳቸው፤ መሠረታቸውና የቤተሰብ ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች እንዳይጋቡ ለረጅም ዘመን ተከልክለው እንደኖሩ። እኛ እስከ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው ነው። ቀጥሎ ስለ መሥሪያ ቤቶቻቸው፣ ቀጥሎ ማግባትና መውለድ ስለፈሩት ወጣቶቻቸው። በእያንዳንዱ ላይ «ይህኛው ግን…» ይልና ይተወዋል። እኔ እነጥቀዋለሁ። ያነበብኩትን እንዲሁ እንዳልቀበል አትክልት ተራ ድረስ ይዞኝ ሄዶ፣ ለኮሪያውያን ጥቅል ጎመን ከምትሸጥ ነጋዴ ጋር አገናኘኝ።

«ሲመርጡ አያድርስ ነው» አለችን ሴትዮዋ። «እያንዳንዱን ያገላብጣሉ። ለልጅ ሚስት የሚያጩ ነው የሚመስሉት።»

ከድር በዚህ ከልክ በላይ ሳቀ። ያን ጊዜ በጎመኑ የሳቀ መስሎኝ ነበር።

ኬክ ቤት ውስጥ አምባሳደሩ ይሉኝ ጀመር። መኮንን «ክቡርነትዎ፣ ኪምቺ የሚሉት ጎመን ከአዋዜ ጋር ይሄዳል?» እያለ ያሾፍብኛል። እኔ ግን መልስ ነበረኝ። ዜና ላይ ስለ ኮሪያ አንድ ነገር በተነሣ ቁጥር ጠረጴዛው ወደ እኔ ይዞራል። ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው በእርጅናዬ አንድ ሙሉ አገር ተማርኩ ብዬ አምን ነበር።

ልጄ ካረፈች ወዲህ ያሳደግኳት የልጅ ልጅ አለችኝ፤ ሊዲያ ትባላለች። ተማሪ እያለች የፈተና መጻሕፍት ከከድር ትከራይ ስለነበር ከእኔ ባላነሰ ታውቀዋለች። ሥራ ከያዘች በኋላም ሰላም ልትለው ጎራ እንደምትል እሰማ ነበር። አንድ ምሽት እራት በልተን ስናበቃ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፊቴ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እሑድ ሽማግሌ ይመጣል። ልጁ የምሠራበት ድርጅት መሐንዲስ ነው። ኮሪያዊ ነው።»

ሌላ አያት ቢሆን ጠረጴዛ ይገለብጥ ነበር። እኔ ግን አሰብኩ። የአማቱን ነገር፣ የሙት ዓመቱን ነገር፣ የሥራ ሰዓታቸውን ነገር አውቃለሁ። ምን መጠየቅ እንዳለብኝ በአዲስ አበባ ውስጥ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አያት የለም። እግዚአብሔር አስቀድሞ አዘጋጀኝ ብዬ አመንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት በቀጥታ ወደ ከድር ሄድኩ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ከእሱ ሌላ ለማን እነግራለሁ?

«ነገ ሽማግሌ ይመጣብኛል» አልኩት። «የማን ልጅ መሰለህ? ኮሪያዊ። አየህ፣ ያነበብኩት ሁሉ ለዚህ ቀን ነበር። እንዴት እንደማፋጥጣቸው ብታይ።»

እጁ ላይ የነበረውን መጽሐፍ እፍ ሊለው አነሣና ሳይነፋው አስቀመጠው።

«አላህ ያሳምረው» አለ። 

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። ሁለቱን አላውቃቸውም፤ አንዱ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ሌላው የልጁ የሥራ ባልደረባ አባት ነው። ሦስተኛው ከድር ነው። የለበሰው ኮት ለመጀመሪያ ልጁ ሠርግ እኔ የሰፋሁለት ነው።

መጀመሪያ ሊጠይቀኝ የመጣ መሰለኝ። «ከድር፣ ዛሬ እንግዳ አለብኝ ብዬህ አልነበር?» አልኩት።  ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ተሰለፈ። ያን ጊዜም አልገባኝም፤ ልጁ እዚህ አገር ዘመድ ስለሌለው ሽማግሌ ሲያጡለት ጠርተውት ይሆናል አልኩ።

«አረፍ በሉ እንጂ» አልኩ፣ እንደ ወጉ።

መምህሩ «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም። ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን ነው የመጣነው» አለ።

እኔም ማፋጠጤን ጀመርኩ።

«ልጃችሁ ስንተኛ ልጅ ነው? በኩር ከሆነ የአባቶቹን ሙት ዓመት የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ደጋሿ ደግሞ ሚስቱ ናት።»

መምህሩ ወደ ከድር ዞረ። ከድር «ሁለተኛ ነው ጋሼ። ይህ የታላቅ ወንድሙ ዕዳ ነው» አለ።

«እናቱ ከማን ጋር ናቸው?»

«ከታላቅየው ጋር።»

«ድርጅቱ ማታ ማታ ከአለቃ ጋር መጠጥ ያስወጣዋል?»

«ልጁ አይጠጣም። አለቃውም ይህን ለምዶለታል።»

«ልጅ የመውለድ ሐሳብ አለው? እዚያ ወጣቱ ሁሉ እየሸሸ ነው።»

«አለው። ሊዲያም ጠይቃዋለች።»

እዚህ ላይ ቆምኩ። መልሶቹ ጥሩ ነበሩ። ችግሩ ቅደም ተከተላቸው ነው። እኔ የምጠይቀው መጻሕፍቱ በመጡልኝ ተራ ነበር፤ ቤቱ፣ አማቲቱ፣ መሥሪያ ቤቱ፣ መውለዱ። እሱም በዚያው ተራ መልሱን አዘጋጅቶ ቆሟል። ጠያቂው እኔ ነኝ፤ ጥያቄውን ግን አፌ ውስጥ ያስቀመጠው መላሹ ነው።

«ከድር፣ ይህን ልጅ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አልኩት።

መሬት መሬት አየ። ዋሽቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ከግራጫው መጽሐፍ በፊት» አለ።

ሊዲያ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ፊቷን ሳይ የቀረውን ተረዳሁ። እሷ ሄዳ አማክራዋለች፤ እሱ ደግሞ እኔን እንደ ጨርቅ ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ሰፍቶ ለዚች እሑድ አድርሶኛል። «አይችሉትም» ያለኝ፣ የሰበሰበው እጁ፣ ጭንቅላቱን መነቅነቁ ሁሉ ሥራ ነበር። በሕይወቴ ከሁሉ በላይ የምኮራበትን ነገር አገኘና ገመድ አድርጎ ጎተተኝ። ያለ አስተማሪ ተማርኩ ብዬ ኬክ ቤት ውስጥ ሳወራ፣ አስተማሪዬ ደረጃ ሥር ተቀምጦ የሚቀጥለውን ትምህርት ይመርጥ ነበር።

ብዙ ሰው «ለበጎ ነው ያደረገው» ይለኛል። ሊዲያም የዚያኑ ቀን ማታ ይህንኑ አለችኝ።

«በቀጥታ ብነግርህ ምን ትል ነበር አባባ?»

«እምቢ እል ነበር።»

«እኮ።»

«እምቢ የማለቱ መብት የእኔ ነበር። ከዚያም ራሴ አስቤ፣ ራሴ አንብቤ እመለስ ይሆናል። ያንን ነው የወሰዳችሁብኝ።»

አለቀሰች። እሷን ይቅር ብያታለሁ፤ ልጅ ናት፣ ወዳለች። ከድር ግን ሽማግሌ ሰው ነው።

ያን እሑድ ምን እንዳደረግኩ ልጨርስ። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው። ይህን ማወቅ የቻልኩት ከድር ባስተማረኝ ነው፤ እውነቱን አልሰውርም። ስለዚህ «ልጄን ሰጥቻለሁ» አልኩ። ለመምህሩና ለሌላው ሽማግሌ ወንበር አቀረብኩላቸው። ለከድር አላቀረብኩም። እንደቆመ ቀረ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዴ እኔን አንዴ እሱን እያዩ በወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። መምህሩ ሲመርቅ ከድር ከሁሉም አስበልጦ አሜን አለ። ከዚያ የቀረበውን ሳይቀምስ ኮቱን ቆልፎ ወጣ።

በማግሥቱ ቤቴ የነበሩትን የኮሪያ መጻሕፍት በሙሉ በሁለት ፌስታል ይዤ ሄድኩና ከሱቁ ባንኮኒ ላይ አስቀመጥኳቸው። የተከራየሁትም የገዛሁትም አንድ ላይ ነበሩ።

«የገዟቸውንም?» አለኝ።

«ሁሉንም።»

«የተነበበ መጽሐፍ አይመለስም ጋሼ። ከጭንቅላትዎ አውጥተው መመለስ ከቻሉ እቀበላለሁ።»

«እንግዲያው ሰርቀኸኛል።»

«ምን ሰረቅሁዎት?»

«የራሴ አስተማሪ መሆኔን» አልኩት።

ይህን ስለው ፊቱ ተለወጠ፤ እስከዚያች ደቂቃ ነገሩ በቀልድ የሚያልፍ መስሎት ነበር። «ጋሼ፣ እኔ እኮ መጽሐፍ ብቻ ነው ያቀበልኩት። ያነበቡት እርስዎ ነዎት» አለ። ሰው ከደረጃው ወረደና አቧራው በሁለታችን ላይ ረገፈ። ፌስታሎቹን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

በሠርጉ ላይ ከሩቅ አየሁት። ሰፈሩ ሲፈርስ ሱቁን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረ ሲባል ሰማሁ፤ የት እንደሆነ አልጠየቅኩም። መታመሙን፣ ከባሏ ጋር ኮሪያ የገባችው ሊዲያ ከዚያ ደውላ ነግራኛለች። «ሂድና ጠይቀው አባባ» አለችኝ። «ይማረው» አልኳት፤ አልሄድኩም። ዛሬም ጥፋተኛው እሱ ነው እላለሁ። ሞት የሠራውን አይሽርለትም።

ሊዲያ አሁን ነፍሰ ጡር ናት። ዘንድሮ ክረምት ላይ፣ እዚያ አራስ እንዴት እንደምትያዝ፣ ለሕፃኑ ምን እንደሚደረግ ማወቅ ፈለግኩ። ከማንም ሳልማከር አዲስ ከተከፈተ የመጽሐፍ መደብር ገባሁ። መብራቱ ደማቅ ነው፤ የምትሸጠው ሴት «የፈለጉትን ይውሰዱ አባት» አለችኝ። ስለ ኮሪያ ኑሮ የሚል አንድ መጽሐፍ አነሣሁ፣ ከፈልኩ፣ ወሰድኩ። በሕይወቴ ስለ ኮሪያ ራሴ የመረጥኩት የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው።

የማይረባ ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ አውቄዋለሁ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሁሉም ሰው ይስቃል፣ መንገዱ ሁሉ ንጹሕ ነው፣ አማት ከምራት ጋር ተቃቅፋ ትሄዳለች። አራሷን ማን እንደሚንከባከባት አንድ ቃል አልተጻፈም፤ ሆስፒታሉ ስንት ፎቅ እንዳለው ግን ተጽፏል። እልህ ይዞኝ እስከ መጨረሻው ገጽ አነበብኩት። በየገጹም ከድር ቢሆን ምን እንደሚል ሳልፈልግ ይሰማኝ ነበር፤ ይህም አንዱ በደሉ ነው።

መኮንን ወሬውን ባመጣበት ጠዋት መጽሐፉ ከጠረጴዛው ላይ ከፊቴ ነበር። ከኬክ ቤቱ ስወጣ በብብቴ ይዤው ነበር። ሰባ ደረጃ እስከሚባለው ሰፈር ድረስ በእግሬ ሄድኩ። በመንገዱ ላይ የመጽሐፉን ጉድለት አንድ በአንድ ዘረዘርኩ፤ ሁሉንም ያለ ማንም እርዳታ፣ በራሴ አይቼ ያገኘኋቸው ናቸው። በደንብ የተባለ ትችት ነበር። ኬክ ቤት ያሉት ቢሰሙት ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ ትክክል መሆኔን አንዳቸውም አያውቁም።